በቀን የተገዛ የሌሊት ካሜራ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ ንብረትን ከሌሊት ሌቦች ስለ መጠበቅ በየጊዜው የሚያወጣቸውን ምክሮች በጥሞና እከታተላለሁ። ምክሮቹ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የሚያበቁት «የደኅንነት ካሜራ ያስገጥሙ» በሚል ቃል ነው፤ የተገጠመው ካሜራ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚያሳይ ሲነሣ አላየሁም። ካሜራ በመግጠምና በመጠገን ሥራ ላይ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አዝነው የጠሩኝ ደንበኞች ታሪክ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ካሜራው ይሠራ ነበር፣ ቀረጻውም አለ፣ በቀረጻው ላይ ያለው ሰው ግን አይታወቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ካሜራ የሚገዛ ሁሉ የሌሊቱን ምስል በሌሊት፣ ያውም ሰው እየተራመደበት ሳያይ ገንዘቡን እንዳይከፍል ለማሳሰብ ነው።

አንድ ገጠመኝ ላስቀድም። አንድ የመጋዘን ባለቤት 8 ሜጋፒክሰል ያለው፣ ማለትም ምስሉ ፒክሰል ከሚባሉ 8 ሚሊዮን ጥቃቅን ነጥቦች የሚሠራ ካሜራ ከበሩ በላይ አስገጥሞ ነበር። የገጠምኩት እኔ አልነበርኩም፤ ብሆን ኖሮም በዚያን ጊዜ በነበረኝ ዕውቀት የተሻለ እሠራ እንደ ነበር አልምልም። በቀን ሲታይ የግቢው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ባለቤቱም ይህን አይቶ ረክቶ ነበር። አንድ ሌሊት ዕቃ ተሰረቀና ቀረጻው ሲከፈት ነጣ ያለ ጃኬት የለበሰ፣ ፊቱ ኖራ የተቀባ የመሰለ ሰው በበሩ ሲገባና ሲወጣ ታየ። በግቢው ውስጥ ነጭ የሥራ ልብስ የሚለብሰው አንድ ሠራተኛ ብቻ ስለ ነበር ጥርጣሬው ሁሉ እሱ ላይ ወደቀ። እኔ የተጠራሁት የሌባውን ፊት «እንዳጠራ» ነበር። ፊቱን ማጥራት አልቻልኩም። ነገር ግን በዚያው ምሽት ከካሜራው ፊት ቆሜ ስፈትሽ ጥቁር ጃኬት ለብሼ ነበርና፣ ወደ መቅጃው ተመልሼ ራሴን ስመለከት ጃኬቴ ነጥቶ አገኘሁት። ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሠራተኛው ከጥርጣሬ ዳነ፤ ሌባው ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው ካሜራው ስለ ተበላሸ አይደለም። ካሜራው ሊሠራ የሚችለውን ያህል ሠርቷል፤ የተሳሳተው ከእሱ የጠበቅነው ነገር ነው። ለስሕተታችን መነሻ የሚሆነው ደግሞ በአብዛኛው የገዛ ዓይናችን ነው። ከደማቅ ክፍል ወደ ጨለማ የወጣ ሰው መጀመሪያ ይደናበራል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲቆይ ግን ዓይኑ ይለምድና ቀድሞ ያላየውን አጥርና ዛፍ ለይቶ ማየት ይጀምራል። ዓይናችን እንዲህ ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስማማ በአካባቢያችን ያለው ብርሃን ምን ያህል እንደ ሆነ በመገመት ረገድ እጅግ ደካሞች ነን። የብርሃን መጠን የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። በጠራ ቀን ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ሜዳ ላይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በደንብ የበራ ቢሮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ያህል ይኖረዋል፤ ሙሉ ጨረቃ የወጣችበት ሜዳ ግን ከሩብ ሉክስ ብዙም አይዘልም፤ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከዋክብት ብቻ በሚታዩበት ሌሊት ደግሞ መጠኑ ወደ አንድ ሺሕኛ ሉክስ ይወርዳል። በቀኑና በዚህ ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት መቶ ሚሊዮን እጥፍ ነው ማለት ነው። ቀን የሚያምር ምስል ያሳየ ካሜራ ሌሊትም ያንኑ ያሳያል ብሎ ማሰብ ይህን ልዩነት መርሳት ነው።

ብርሃን ሲያንስ ካሜራ ማድረግ የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ሲሆን እያንዳንዱም የሚያስከፍለው ዋጋ አለው። አንደኛው ሰፊ የሌንስ ቀዳዳ ይዞ መገኘት ነው። በሌንሱ ላይ ኤፍ 2.0 ከተባለው ይልቅ ኤፍ 1.0 የተባለው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋልና። በእኔ አስተያየት ገዢ ከሚያያቸው ቁጥሮች ሁሉ በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባው ይህ ነው፤ እንዳለመታደል ሆኖ በካርቶኑ ላይ ደምቆ የሚጻፈው ግን የፒክሰሉ ብዛት ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ጉዳት ቢኖር በቅርብና በሩቅ ያለውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ለማሳየት መቸገሩ ነው፤ ይህም ገጣሚው ሌንሱን በጥንቃቄ ካስተካከለ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ሴንሰሩ (ከሌንሱ ኋላ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚለውጠው ክፍል) ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ማለትም ሸተሩን ማርዘም ነው፤ ብዙ ገዢዎች የሚታለሉትም እዚህ ላይ ነው። በሰከንድ 25 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ ለእያንዳንዱ ምስል ሊሰጥ የሚችለው ጊዜ ቢበዛ የሰከንድ አንድ 25ኛ ነው። በተለመደ እርምጃ የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል። የሰው ፊት ወርድ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ነውና የፊቱ አንድ ሦስተኛ ገና በዚህ ደረጃ ተድበስብሷል ማለት ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ጨለማ ሲበረታባቸው በራሳቸው ጊዜ ሸተሩን እስከ ሰከንድ ሲሶ ያረዝሙታል፤ በዚህ ጊዜ የሚራመደው ሰው ግማሽ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በምስሉ ላይ የሚቀረው እንደ ጢስ የተጎተተ ጥላ ብቻ ይሆናል። ግቢው፣ አጥሩና የቆመው መኪና ግን ስለማይንቀሳቀሱ ቀን እስኪመስል ድረስ ደምቀው ይታያሉ። ለማስታወቂያ የሚቀርቡትን የሌሊት ምስሎች ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው፤ የቆመ መኪና፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ባዶ መንገድ ነው የምታዩት። ሌባ ግን ለፎቶ አይቆምም።

ሦስተኛው መንገድ ከሴንሰሩ የሚወጣውን ደካማ ምልክት በኤሌክትሮኒክስ ማጉላት ነው። ምልክቱ ሲጎላ አብሮት ያለው ረብሻም ይጎላል፤ እኛ ባለሙያዎች ኖይዝ የምንለው፣ በጨለማው የምስል ክፍል ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ይህ ነው። ነገሩ የካሜራው ጥራት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የብርሃን የራሱ ጠባይ ነው። ብርሃን ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች የሚደርስ በመሆኑ፣ አንዲት ፒክሰል 10,000 ፎቶን ስትቀበል የመዋዠቁ መጠን 100 ያህል፣ ማለትም አንድ በመቶ ይሆናል፤ የደረሷት 100 ፎቶኖች ብቻ ከሆኑ ግን መዋዠቁ 10፣ ማለትም ዐሥር በመቶ ይሆናል። ይህን ልዩነት የትኛውም ፋብሪካ ሊሽረው አይችልም። ካሜራው ታዲያ ነጠብጣቡን ለማስወገድ ተከታታይ ምስሎችን እያነጻጸረ ያለሰልሳል፤ የቆመው ነገር በዚህ ይጠራል፣ የሚንቀሳቀሰው ሰው ግን የፊቱ መስመር ይጠፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ከኋላው ሌላ ጥላ ይከተለዋል። በስልክ ማያ ላይ ሲታይ ለስላሳና ንጹሕ የሚመስለው ምስል ለመለየት ሲፈለግ ባዶ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

እነዚህን ሦስቱን ያወቀ ሰው በካሜራ መግለጫ ላይ የሚጻፈውን «0.001 ሉክስ» የሚል ቁጥር በጥርጣሬ ማየቱ አይቀርም። ይህ ቁጥር ሲለካ ሸተሩ በስንት ላይ ነበር? ምልክቱስ ምን ያህል ጎልቶ ነበር? ምስሉን «ይታያል» ብሎ የፈረደው ማን ነው? መግለጫው ይህን ካልነገረን ሁለት ፋብሪካዎች የጻፉትን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክንድ የለኩትን ጨርቅ እንደ ማወዳደር ነው። «0 ሉክስ» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ካሜራው ያለ ብርሃን ያያል ማለት አይደለም፤ እኛ የማናየውን ብርሃን ራሱ ያበራል ማለት ነው።

ያ የማናየው ብርሃን ኢንፍራሬድ ወይም ታኅተ ቀይ ጨረር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ ከቀዩ ቀለም ውጭ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ ሙቀቱ ከፍ ብሎ በማግኘቱ የታወቀ ጨረር ነው። ዓይናችን የሚያየው የሞገድ ርዝመት በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ሲሆን ከሲሊከን የሚሠራው የካሜራ ሴንሰር ግን እስከ 1,100 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ይቀበላል። በካሜራው ፊት ዙሪያ የሚደረደሩት ትንንሽ ኤልኢዲዎች በአብዛኛው 850 ወይም 940 ናኖሜትር የሚያበሩ ናቸው። የ850ው በጨለማ ሲታይ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ያሳያል፤ የ940ው ፈጽሞ አይታይም ለማለት ይቻላል፣ ነገር ግን ሴንሰሩ ለእሱ ያለው ስሜት ደካማ ስለ ሆነ የሚያሳየው ርቀት ያጥራል። ካሜራው እንዳይታወቅበት የሚፈልግ ሰው ይህን ዋጋ አውቆ መክፈል አለበት።

ምሽት ላይ ከካሜራው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነ በቀን ኢንፍራሬዱን የሚያግደው ማጣሪያ ከሴንሰሩ ፊት ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ባየር የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ እስከ ዛሬም በአብዛኛው ካሜራ ውስጥ ያለው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያ ድርድር በኢንፍራሬድ ሲመታ ሦስቱም ዓይነት ማጣሪያዎች ጨረሩን ያሳልፉታል፤ ስለዚህ ቀለም የሚለይበት መንገድ አይኖርም። በመጋዘኑ ባለቤት ላይ የደረሰው ስሕተትም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ጨርቅ ለዓይናችን ጥቁር የሚሆነው የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ ብዙ የልብስ ማቅለሚያዎች ግን ኢንፍራሬድን አይውጡም፣ ይመልሱታል። ጥቁር ጃኬት ነጥቶ፣ ጥቁር ሱሪ ግራጫ ሆኖ፣ የዛፍ ቅጠል ደግሞ በረዶ የወረደበት መስሎ የሚታየው ለዚሁ ነው። በኢንፍራሬድ የተቀረጸ ምስል ስለ ልብስ ቀለም የሚሰጠው ምስክርነት ምንም ዋጋ የለውም፤ ይህን ደፍሬ የምናገረው በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ሊደርስ የነበረውን በዓይኔ ስላየሁ ነው።

የኢንፍራሬድ መብራት ሌላም ጠባይ አለው፤ በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ይደክማል። ከካሜራው 3 ሜትር ላይ የቆመ ሰው 30 ሜትር ላይ ከቆመው መቶ እጥፍ ብርሃን ያርፍበታል። ካሜራው ለሩቁ ሲያስተካክል የቅርቡ ፊት ይነጣል፣ ለቅርቡ ሲያስተካክል ሩቁ ይጨልማል። የመጋዘኑን ሌባ ፊት ኖራ ያስመሰለው ይህ ነው፤ ሰውየው ከበሩ ሥር፣ ልክ ከመብራቱ አፍንጫ ፊት ነበር። ዘመናዊዎቹ ካሜራዎች ሰው ሲቀርብ የመብራታቸውን ኃይል ይቀንሳሉ፤ ይረዳል፣ ነገር ግን ከግድግዳ ጥግ ወይም ከጣሪያ ክፈፍ አጠገብ የተገጠመ ካሜራ መብራቱ በግድግዳው ላይ ነጥሮ ስለሚመለስበት ጨለማ የለም ብሎ ያስባልና ግቢውን ያጨልመዋል። ካሜራን በመስኮት መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ወደ ውጭ ማየትም በዚሁ ምክንያት ከንቱ ነው፤ ሌሊት የሚታየው የራሱ የመብራት ነጸብራቅ ብቻ ነው። ሸረሪቶችማ ስለ ካሜራ ከእኔ ያላነሰ ያውቃሉ ብዬ እቀልዳለሁ። ድራቸውን ሌንሱ ፊት ያደራሉ፤ በቀን የማይታየው ድር ሌሊት በኢንፍራሬድ ሲመታ እንደ ነጭ ገመድ እየተወዛወዘ ምስሉን ይሸፍነዋል፣ ካሜራውም «እንቅስቃሴ አለ» እያለ ባለቤቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅሰው ያድራል። ዝናብና ጭጋግም በዚሁ መንገድ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይመልሱታል።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ካሜራው ሳይበላሽ እንዲቀየር የሚያደርግ ነገር ነውና። ቀን ደኅና የሚሠራ ካሜራ ልክ ሲመሽ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ ኤልኢዲዎቹ ሲበሩ የሚስቡት ኃይል ስለሚጨምር ነው። 12 ቮልት በቀጭን ገመድ ረጅም ርቀት ሲጓዝ ይወርዳል፤ ቀን ለካሜራው ብቻ ይበቃ የነበረው ሌሊት ለመብራቱ ጭምር አይበቃም፣ ካሜራውም ራሱን ያጠፋና እንደ ገና ይነሣል። ወፍራም ገመድ ወይም የተሻለ የኃይል ማቅረቢያ የሚፈታውን ችግር በአዲስ ካሜራ ለመፍታት መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ፒክሰሉ ልምጣ፤ ሽያጩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። ተመሳሳይ ስፋት ያለው ሴንሰር ላይ የፒክሰሉ ቁጥር ሲበዛ እያንዳንዷ ፒክሰል ታንሳለች። 1/2.8 ኢንች በሚባለው የተለመደ ሴንሰር ላይ 2 ሜጋፒክሰል ሲሆን የአንዷ ፒክሰል ጎን 2.9 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ በዚያው ሴንሰር ላይ 8 ሜጋፒክሰል ሲሠራ ጎኗ በግማሽ ስለሚቀንስ ብርሃን የምትቀበልበት ስፋት ሩብ ይሆናል። አራቱን በአንድ አዋሕዶ የጠፋውን ብርሃን በከፊል ማስመለስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን የተከፈለበት የፒክሰል ብዛት የት ሄደ? ለሌሊት የሚያስብ ሰው ትልቅ ሴንሰርና ሰፊ የሌንስ ቀዳዳ ያለውን ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ ትንሽ ሴንሰር ካለው ባለ 8 ሜጋፒክሰል ቢያስበልጥ አይቆጭም።

ይህ ማለት ፒክሰል አያስፈልግም ማለት አይደለም። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው አይኢሲ 62676-4 የተባለው ደረጃ ነገሩን በማያሻማ መንገድ አስቀምጦት ነበር። ሰው መኖሩን ለማወቅ በአንድ ሜትር ስፋት 25 ፒክሰል ይበቃል፤ አስቀድሞ የምናውቀውን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ያስፈልጋል፤ የማናውቀውን ሰው ያለ ጥርጥር ለይቶ ለማወቅ ግን 250 መሆን አለበት። የምስሉ ወርድ 1,920 ፒክሰል የሆነ ካሜራ ይህን የመጨረሻ መጠን የሚያሟላው የሚያየው ስፍራ ስፋት ከ7.7 ሜትር ካልበለጠ ብቻ ነው። ሰፊ ግቢ በአንድ ካሜራ እሸፍናለሁ የሚል ሰው በቀን ብርሃን እንኳ «ሰው ነበር» ከማለት ያለፈ ማስረጃ አይኖረውም። ሌሊት ደግሞ ቁጥሩ ቢሟላ እንኳ በመራመድ የተድበሰበሰና በነጠብጣብ የተሸፈነ ፒክሰል እንደ ቀኑ ፒክሰል አይቆጠርም። ሻጩ «ያያል» ሲል የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፤ ገዢው «ያያል» ሲባል የሚሰማው የመጨረሻውን ነው። ያለመግባባቱ ሁሉ በዚህች አንድ ቃል ውስጥ አለ።

የመኪና ታርጋን ብቻ ለየት አድርጌ ላንሣ። ታርጋ የሚሠራው ብርሃንን ወደ መጣበት እንዲመልስ ተደርጎ ስለ ሆነ በካሜራው የራሱ መብራት ሲመታ ነጭ ሆኖ ይቃጠልና ፊደሉ ይጠፋል። ለማንበብ ሸተሩን እስከ ሰከንድ አንድ ሺሕኛ ድረስ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ይህ ሲደረግ ታርጋው ይነበባል፣ የተቀረው ሁሉ ግን ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ ታርጋ የሚፈልግ ሰው ለታርጋ ብቻ የተለየ፣ በጠባብ ስፍራ ላይ ያተኮረ ካሜራ ያስፈልገዋል፤ ፊትንና ታርጋን በአንድ ካሜራ አሳያለሁ የሚለውን ሻጭ በትሕትና ማሰናበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ ብትሉኝ መልሴ ለካሜራ ሻጭነቴ አይመችም፤ ገንዘቡ መጀመሪያ መብራት ላይ ይዋል እላለሁ። በሰው መግቢያ ላይ የተሰቀለ አንድ መጠነኛ ነጭ መብራት ለካሜራው ቀለምን ይመልስለታል፣ ሸተሩን እንዲያሳጥር ያስችለዋል፣ ነጠብጣቡንም ይቀንሳል። መብራቱ ከካሜራው ጎን ፈንጠር ብሎ፣ ወደ ሌንሱ ሳይሆን ወደ መሬት ማየት አለበት፤ ከሰውየው ኋላ ከሆነ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው። ጎረቤትን እንቅልፍ እንዳይነሣ ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ካሜራው ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም እስኪዞርና ራሱን እስኪያስተካክል ጥቂት ሰከንድ እንደሚፈጅበት፣ በዚያች ጊዜም ሰውየው ሊያልፍ እንደሚችል መታሰብ አለበት። በእኔ ልምድ ደካማም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ ብርሃን ይሻላል። ነጭ መብራት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ ደግሞ የኢንፍራሬዱ መብራት ከካሜራው ተለይቶ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ሸረሪቱም፣ ዝናቡም፣ የነጣው ፊትም በአብዛኛው ይቃለላሉ። ካሜራውን አምስት ሜትር ላይ ሰቅሎ ፊት መጠበቅም አይገባም፤ ከዚያ ላይ የሚታየው ቆብ ነው።

የሙቀት ካሜራ የሚባለውም አለ። ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር ባለው የሞገድ ርዝመት የሰውነትን ሙቀት ስለሚያይ ምንም ብርሃን አይፈልግም፣ አጥር ለሚጠብቅ ሰውም ወደር የለውም። ሰው መምጣቱን ይናገራል እንጂ ማን እንደ መጣ አይናገርም፤ ዋጋውም ከተራው ካሜራ ከፍ ያለ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፈተናው ይቅደም። ገዢው ሻጩን «ሌሊት መጥተህ አሳየኝ» ይበለው። የማያውቀውን ሰው በግቢው ውስጥ በፍጥነት እንዲራመድ ያድርግ፤ ከዚያም በቀጥታ የሚታየውን ሳይሆን ተቀርጾ የተቀመጠውን ከፍቶ ይመልከት። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ቀረጻው ቦታ እንዳይፈጅ ይጨመቃል፣ በሌሊት ምስል ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ደግሞ የመጨመቂያውን አቅም ስለሚበላው ለፊቱ ዝርዝር የሚቀረው ትንሽ ይሆናል። ያንን የተራመደ ሰው በማግሥቱ ከሌሎች አምስት ሰዎች መካከል ከቀረጻው አይቶ መለየት ከቻለ ካሜራው ለሌሊት ሆኗል። ካልቻለ ፒክሰሉም ሉክሱም ምንም አይፈይዱለትም።

አሁን አሁን ደግሞ የደበዘዘን ፊት በሰው ሠራሽ አስተውሎት «አጠራለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች በዝተዋል፤ ከደንበኞቼም ይህን የሚጠይቁኝ አሉ። ፕሮግራሙ የሚያወጣው ፊት ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ያ ፊት ካሜራው የያዘው አይደለም፣ ፕሮግራሙ ከሌሎች ብዙ ፊቶች ተምሮ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የሣለው ነው። ሌሊት ያልደረሰን ፎቶን በማግሥቱ መሰብሰብ አይቻልም። የመጋዘኑ ባለቤት እንዲህ ያለ ፕሮግራም አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ያ ነጭ ልብስ ለባሽ ሠራተኛ ዛሬ የት ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ልመና አለኝ። የተጠርጣሪን የሌሊት ምስል «ይህን ሰው የምታውቁ» በሚል ርእስ በጋዜጣችሁ ላይ ስታወጡ፣ ምስሉ በኢንፍራሬድ የተቀረጸ ከሆነ የልብሱን ቀለም ከሥሩ አትጻፉ፤ በፕሮግራም የተነካካ ከሆነም መነካካቱን ለአንባቢ ንገሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደኅንነት ካሜራ ገጣሚና ጠጋኝ የሆነ አንባቢያችሁ